ጥሬ ሽምብራ ለማርያም ማኅበር

2017 ዓ.ም.፣ ጥር ወር ነበር። ጥምቀት አልፎ ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ተመልሰዋል፤ የሰቆጣ የጠዋት ብርድ ግን ገና አልለቀቀም። አዲሱ ሽምብራ ከየገጠሩ ወደ ገበያ መውጣት ጀምሯል። የማርያም ማኅበር ተራ እኔ ቤት የደረሰው በዚያ ወር ነው።

ተራ ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል። ቤቴ ጠባብ ቢሆንም በዚያ ቀን የሚጠብበኝ መስሎ አይታየኝም። የዚያን ጊዜ ግን ጽዋውን ተቀብዬ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ልጄ ጽዋውን መደቡ ላይ አይታ፣ «እኔ ያን ቀን እዚህ አልኖርም» አለችኝ። ጋዝጊብላ ወረዳ፣ አክስቷ ቤት ልትሄድ ነው።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ስኳር አለባት። ውኃ ስትጠጣ፣ ስትከሳ ሰነበተች፤ ሆስፒታል ስናደርሳት ራሷን ልትስት ምንም አልቀራትም ነበር። ተረፈችልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ የያዘ ገንቦ ውስጥ እናኖረዋለን፤ መብራት ቢጠፋም አይሞቅም። ነርሷ ብዙ ነገር አስተምራናለች፤ ዋናው ግን በሰዓቱ መብላት፣ ስኳሩን መለካት፣ ዳቦና ጣፋጭ መቀነስ ነው።

ይህን ከእኔ፣ ከአባቷና ከንስሐ አባታችን በቀር ማንም አያውቅም ነበር። አባቷ ጽጽቃ ከተማ ስለሚሠራ የሚመጣው ለሰንበት ነው። አትንገሩብኝ ያለችው ራሷ ናት። «ከዚያ በኋላ ስም የለኝም፤ ያቺ ስኳር ያለባት ልጅ ነው የምባለው» አለች። ቃሏን ጠበቅንላት።

ነገር ግን ዝምታው ሌላ ችግር አመጣ። በእኛ አገር «ጠግቤያለሁ» ማለት እንደ መልስ አይቆጠርም፤ ልመናው የሚጀምረው እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው። «በሞቴ» ይባላል፣ «አፈር ስሆን» ይባላል፤ ማኅበር ከሆነ ደግሞ «በማርያም» ይመጣል። በማርያም ከተባለ ማን እምቢ ይላል? ኅዳር ላይ ማኅበሩ ጎረቤት ቤት ሲውል ልጄን ከሁለት ወገን ይዘው የተባረከውን ድፎ ደጋግመው አጎረሷት። በፍቅር ነው። ከስታለች ብለው አዝነውላት ነው። ማታውን መለኪያዋን አየችና መድኃኒቷን ተወግታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ በጓሮ በር ትወጣለች። ገበታ ሲቀርብ ወይ ራሷን ያማታል፣ ወይ ጥናት ይኖርባታል።

አሁን ደግሞ ከገዛ ቤቷ ልትሸሽ ነው። በመንገድ ላይ መድኃኒቱ ቢሞቅባትስ፣ መኪናው ቢዘገይና የመብላቷ ሰዓት ቢያልፍስ እያልኩ እጨነቅ ነበር። ከዚያ ይልቅ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ከማርያም ገበታ የሸሸች ልጅ ነገ ከምን ከምን ትሸሽ ይሆን? መሸሽ ይለመዳል።

የፒዛው ነገር የመጣው በእሷ በኩል ነው። ከመታመሟ በፊት ወልድያ ያለው አጎቷ አንድ ቀን ፒዛ አብልቷት ነበር። ዳቦው ስንዴ ስለሆነ አሁን እንደ ልቧ አትበላውም፤ ግን ስልኳ ላይ ሌሎች ሲጋግሩ እያየች ታመሻለች። አንድ ቅዳሜ ጠርታ አሳየችኝ። አንዲት ሴት ያለ ስንዴ ዱቄት ትጋግራለች። አበባ ጎመን ትከትፋለች፣ በጨርቅ ትጨምቃለች፣ በእንቁላል ታቦካለች።

«አበባ ጎመኑን ከየት ልናመጣው ነው?» አልኩ።

«ከሰማይ» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

ቀጥላ ያሳየችኝ ሌላዋ ሴት ግን በሽምብራ ዱቄት ነበር የምትጋግረው። ይህማ አለን ብዬ ተነሣሁ። ከጓዳ የሽሮ ዕቃዬን አውጥቼ ዱቄቱን በውኃና በጨው በጠበጥኩ፣ ዘይት የተቀባ መጥበሻ ላይ አፈሰስኩ፣ ክዳኑ ላይ ፍም አደረግሁበት። ሲወጣ እንደ ጡብ ቀልቷል። ላነሣው ስል ተፈረካከሰ። በእኔ ቤት የሽምብራ ዱቄት ማለት ሽሮ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት የተፈጨ። ያልተቆላ የሽምብራ ዱቄት በዓለም ላይ መኖሩም ትዝ አላለኝም። ልጄ ቁራሹን ቀመሰችና ውኃ ፈልጋ ተነሣች።

«እማ፣ ይህ እኮ ሽሮ ነው። እንጀራ አምጪልኝና ልብላው» አለችና ሳቀች።

ከክረምቱ ወዲህ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር። ሽሮው ባከነ ብዬ አላዘንኩም።

በዚያ ምሽት ውዳሴ ማርያም ደግሜ ስጨርስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በተራዬ ቀን የሚባረከው ዳቦ ልጄ የምትበላው ቢሆንስ? ስንዴ በቤቱ ከሌለ የሚያጎርሳት ሁሉ የሚያጎርሳት የሚስማማትን ነው። መሸሽም አያስፈልጋትም። ለእሷ ስነግራት እስክጨርስ ሰማችኝ። «አይብ የሌለው ፒዛ ምን ፒዛ ነው?» አለች በመጨረሻ። ሃያ አንድ ረቡዕ ላይ ስለሚውል አይብ የማይታሰብ መሆኑን ራሷም ታውቃለች። የጾም ፒዛ ነዋ፣ አልኳት። እሺም እምቢም አላለችም። ጋዝጊብላ ለመሄድ ያዘጋጀችውን የልብስ ቦርሳ ግን ከበሩ ኋላ አላነሣችውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። የማርያም ዳቦ ከሽምብራ ቢሆን ነውር ይሆንብኝ እንደሆነ፣ ባርከው ይቆርሱልኝ እንደሆነ። ልጄን ስለሚያውቋት ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

«ንፍሮውን ስንባርክ ሽምብራ አልነበረበትም?» አሉኝና ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ።

ሰኞ ከገበያ የገዛሁትን አዲስ ሽምብራ ለቅሜ ወፍጮ ቤት ወሰድኩ። ወፍጮ ቤቱ ሞልቷል። ባለ ወፍጮው እጁን ወደ ከረጢቴ ሰደደና አንድ ፍሬ አንሥቶ በጥርሱ ሰበረ።

«ጥሬውን ነው እኮ ያመጣሽው። ቆልተሽ አምጪው እንጂ» አለኝ።

«ይሁን፣ እንዲያው ፍጭልኝ። ለማርያም ማኅበር ነው» አልኩት።

ሌላ አልጨመርኩም። ከእኔ ኋላ የማኅበራችን ሴቶች ቆመው ነበር። እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አላየሁም። አይቼ ቢሆንም ምን እላቸው ነበር?

የመጀመሪያው የጥሬ ሽምብራ ሊጥ አልሆነልኝም። ዳር ዳሩን ተሰነጠቀ፤ መሐሉ እሸት እሸት ሸተተ። ያን ጊዜ እናቴ በዐቢይ ጾም የምትሠራልን የሽምብራ ዓሣ ትዝ አለኝ። ሊጡን በዓሣ ቅርጽ እየቆረጠች ትጠብስና ወጥ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ እኛ ልጆች ደግሞ የጅራቱ ለኔ ነው ብለን እንጣላለን። ዱቄቱን የምታሸው በሞቀ ውኃና በዘይት ነበር፤ ከዚያም ሸፍና ታሳድረዋለች። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ጥቁር አዝሙድ ጣል አደረግሁበት። ጠዋት በስሱ ዳምጬ በመጥበሻ ሁለቱንም ወገን በሰል አደረግሁት፤ ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን የጨመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም አኑሬ ቆየሁ። ዳር ዳሩ ጠንከር፣ መሐሉ ለስለስ ብሎ ወጣ።

ልጄ ከሱ ቁርሷን በላች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተለካችና መለኪያውን ወደኔ አዞረችልኝ። የሚያስደነግጥ አልነበረም። ሽምብራም እህል ነው፤ መጠኑ ታይቶ ይበላል፤ መድኃኒቱንም አይተካም። ሆኖም እንደ ነጭ ዳቦው ስኳሯን አላሻቀበውም። «ትንሽ ጨው ያንሰዋል» ብቻ አለች። እኔ ያን እንደ ምስጋና ቈጠርኩት።

ያ ማክሰኞ የማኅበሩ ዋዜማ ነው። ሲመሻሽ በሩ ተንኳኳ። የጎን ጎረቤቴ ነበረች። ከነጠላዋ ሥር በፌስታል የቋጠረችውን ነጭ የስንዴ ዱቄት አውጥታ መደቡ ላይ አኖረች።

«ለማርያም ነው» አለችኝና ሳትቀመጥ ወጣች።

ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ መጣች። እሷም ዱቄት ነው የያዘችው፣ እሷም ለማርያም ነው ብላ ሄደች። ሦስተኛዋ ስትመጣ ነገሩ ገባኝ። በክፉዎቹ ዓመታት፣ መንገድ ተዘግቶ ወፍጮ በቆመበት ጊዜ፣ ማኅበራችንን አላስታጎልንም። ጽዋው በውኃ ይሞላ ነበር፤ በዳቦ ፈንታ የሽምብራ ቆሎ ይባረክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማርያም ቀን ሽምብራ የያዘች ሴት ያየ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ቤቷ ባዶ ሆኗል። ወፍጮ ቤት ቆመው ያዩኝ እነሱ ናቸው። የኔን ችግር በየጓዳቸው አዝነው፣ ከየዕቃቸው ሰፍረው ይዘው መጡ። «ለማርያም ነው» የሚባለው የተቀባይ ፊት እንዳያፍር ነው። ለማርያም የመጣን ደግሞ መመለስ አይቻልም። ማርያም ትስጥልኝ እያልኩ ሁሉንም ተቀበልኩ።

ልጄ ከውስጥ ክፍል ሆና ሰምታለች። የመጨረሻዋ ሴት ከወጣች በኋላ መጣችና ከዱቄቶቹ አጠገብ ቆመች።

«እማ፣ ተቸግረዋል ብለው እኮ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም? አንቺን ነው የሚያሙሽ።»

«የምናገረው የኔ አይደለም። ያንቺ ነው» አልኳት።

ዱቄቶቹን አንድ በአንድ አንሥታ ጓዳ አስገባች። እኔም ሊጤን አይቼ ሸፈንኩት። ስንዴውን ላቡካው ወይስ ልተወው እያልኩ ለጥቂት ጊዜ ቆምኩ። ባቦካው ሴቶቹ ደስ ይላቸዋል፤ ከመሶቡ ላይ ስንዴ ካለ ግን የሚባረከው እሱ ነው፤ ልጄም የምትሄደው በዚያው ምክንያት ነው። ሳላቦካው ተኛሁ።

ጠዋት ቁርሷን በልታ ቦርሳዋን ያዘች፤ የታመመ ይብላ ተብሎ ስለተፈቀደላት በጾም ቀንም ጠዋት ትበላለች። ወደ ጋዝጊብላ የሚሄደው መኪና ከመናኸሪያ የሚነሣው በጠዋት ነው። እኔ ምድጃው ላይ ነኝ፤ ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ አንዱን ስገለብጥ ሌላው ሊያርብኝ ነው። ቦርሳዋን መሬት ላይ አኖረችና፣ ይህን አንዱን ልገልብጥልሽና እሄዳለሁ አለች። ያን ገለበጠች። ሌላው ተከተለ። ቲማቲም መክተፍ ያዘች። ፀሐይ ግቢው ውስጥ ስትገባ የመኪናው ሰዓት አልፎ ነበር።

ከቅዳሴ መልስ፣ በጾሙ መፍቻ ሰዓት፣ ሴቶቹ መጡ። የንስሐ አባታችን ከላይ ተቀመጡ። ከአጠገባቸው ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እማሆይ ተቀመጡ። ልጄ ውስጥ ክፍል ገብታ መጋረጃውን ጋርዳለች። ጸሎት ደርሶ መሶቡን ስከፍተው ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ክብ ክብ የሽምብራ ዳቦ፣ ላዩ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ። ነጭ ስንዴ የለም።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ እማሆይ።

«የሽምብራ ነው እማሆይ። ፒዛ ይሉታል።»

«ጅራቱን የረሳ የሽምብራ ዓሣ ነው እንጂ» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ በኽምጥኛ አንድ ነገር ጨመረችና ሳቁ ወደ ሌላው ወገን ተሻገረ። እኔም ሳቅሁ። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው ባረኩት፤ ቆረሱት፤ እጅ ለእጅ ሄደ።

በዚያ መሐል የጎን ጎረቤቴ ወደ ጎኗ ዘንበል ብላ ለአንዷ ስትናገር ሰማሁ። በሹክሹክታ ነው፤ ግን ቤቴ ትንሽ ናት። የሰጠናትን ዱቄት እንኳ አላቦካችውም፣ ለልጇ ጉሮሮ አስቀምጣው ይሆናል፣ ምን ታድርግ አለች። ክፋት አልነበረበትም። ድምፅዋ እንባ እንባ የሚል ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ። ልጄ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ወጣች። መሐል ወለል ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ዱቄቱ ጓዳ አለ፣ አልተነካም። ሽምብራው በእኔ ምክንያት ነው። ስኳር አለብኝ። በማርያም እያላችሁ ስታጎርሱኝ እምቢ ማለት ስለማልችል ነው እናቴ ስንዴ ያልጋገረችው» አለች።

ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልጄ መመለሻ የጠፋት መስላ በቆመችበት ቀረች። ያን ጊዜ እማሆይ ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ታዲያ ለምን ቆመሽ? ተቀመጪ» አሏት።

ተቀመጠች። ጎረቤቴ ቆይታ ቆይታ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ ከሽምብራው ትንሽ ቆረሰችና እጇን ዘረጋች። ወደ ልጄ አፍ ሳይደርስ ግን አቆመችው።

«ይህን ትበያለሽ? ንገሪኝ፤ እኔ እንጃ» አለቻት።

«እሱን እበላለሁ። አንድ ብቻ ግን፣ እትዬ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይሉ የለ?»

«እንጣላ እንግዲህ» አለች ልጄ።

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ ጎረቤቴም እያለቀሰች ሳቀች። ልጄ ጎረሰች። ሁለተኛ አልጨመሩባትም። ማንም በማርያም አላላትም። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ዘንድሮው ሽምብራ ጥራት። እማሆይ ሁለተኛ ቁራሽ ለመኑኝ። ጥርስ ለሌለው ሰው ከድፎው ይልቅ ይህ ይሻላል አሉኝ። ስለ ስንዴው ዱቄትም የፈረዱት እሳቸው ናቸው፤ ለማርያም የተባለ ነውና ጽዋውን ከምትወስደው ጋር ይሂድ አሉ። ተረኛዋ የጎን ጎረቤቴ ነበረች። ጽዋውን ተቀብላ ስትወጣ ከደጃፉ ላይ ተመልሳ፣ የሽምብራውን ሊጥ ስንት ሰዓት ሸፍነሽ ነው የምታቆዪው ብላ ጠየቀችኝ።

ማታ ልጄ ተለካች። ቁጥሩን ነገረችኝና መድኃኒቷን ወስዳ ገንቦውን ከደነች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ልብሶቿን ወደ ቦታቸው መለሰች። እኔ አርባ አንድ እግዚኦታ አደረስኩ። የለመንኩት አልነበረም፤ ሳመሰግን ነው ያመሸሁት።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪ ቤት ለመሄድ ስትወጣ በሩ ላይ ጠራኋት። ዛሬ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ፣ ቢጠይቁኝስ ምን ልበል አልኳት።

«ንገሪያቸው» አለችኝ።

የቀረውን ሽምብራ ለቅሜ፣ ከረጢቱን ተሸክሜ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ እንደ ሰኞው ሞልቷል። ባለ ወፍጮው አንድ ፍሬ አንሥቶ በጥርሱ ሰበረ።

«ዛሬም ጥሬ?» አለኝ።

«ዛሬም ጥሬ። ልጄ ስኳር አለባት። ፒዛ እጋግርላታለሁ» አልኩት።

ፍሬውን እያላመጠ ጥቂት አየኝ። ከዚያ የድንጋዩን የቀድሞ ዱቄት በመጥረጊያው በደንብ ጠረገና ሽምብራዬን አፈሰሰው። ዱቄቱ ሲወርድ ትኩስ ነበር። ከረጢቱን ታቅፌው ወደ ቤቴ ተመለስኩና ሊጡን አቦካሁ።